መረብ ቀዳጁ

ኾር ሲድራ ቀድሞ ሳትታይ ትሸት ነበር አሉ፣
ሰርዲን እንደ በርበሬ አሸዋው ላይ ተሰጥቶ በሙሉ፤
ግመል ሳይቀር ተጠግቶ ይቆረጥመዋል፣
መንገደኛ ነጂ መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል።
ዛሬ የሚሸተውን እኔ ነኝ የምረጨው፣
ጠርሙሱን ሳነበው፣ ስሙ «የባሕር ነፋስ» ነው።

የዘንባባ ጀልባው እንግዳ መቀበያው ቆሞ መጽሐፍ ይዟል፤
ማንም የማያነበው፣ በቀለሙ ብቻ ተመርጧል።
ገርጉር የሚሉት ወጥመድ፣ የሽቦ ጎጆ ነው፣
ዓሣ መግቢያ እንጂ መውጫ የማያገኝለት፣ ጣራው ላይ ሰቀሉት፤ ሆዱ ብርሃን አለው።
እንግዳው ቀና ብሎ «ውብ ነው» ይላል ሲያይ፣
አምፖል ታስሮ ያድራል በሃሙር ቦታ ላይ።

ሽማግሌው ሰንጉር ደግሞ
በደመወዝ ይቀመጣል።
ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ጀንበር እስክትጠልቅ መረብ ይጠግናል።
ውሉ ላይ እንዲህ ይላል፦
«መረብ ጥገና። ነጭ ልብስ። ፈገግታ።
ዓሣ ማምጣት ክልክል ነው።»

ባሕር ያልነካ መረብ ግን በምን ይቀደዳል?
የቱ ዓለት ይይዘዋል? የቱ ጥርስ ይበጥሰዋል?
አንድ ማለዳ ነው፣ እርጥብ ፎጣ ስሰበስብ፣
ከመዋኛው ኋላ፣ ከፓምፑ ቤት አጠገብ፣
ሰንጉርን ያየሁት፣ ቢላውን መዞ፣
የገዛ መረቡን ሲቀድ፣ በጉልበቱ ይዞ።
አልደነገጠም።
«ልጄ፣ ቀን የምሰፋውን ጧት ካልቀደድሁ፣
ከሰዓት በኋላ ምን ሠርቼ እበላለሁ?»

እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ ወሎ ካለው ሐይቅ፤
አምባዛ የቀደደውን ከቢላው እለያለሁ፣ ማንንም ሳልጠይቅ።
ግን ምን አፍ አለኝ? እኔስ ባዶ ክፍል ገብቼ፣
ማንም ያልተኛበትን አንሶላ አንሥቼ
እንደገና አላነጥፍም? ፎጣውንስ ጠምዝዤ
ዳክዬ አላደርገውም፣ አንገቱን ይዤ?

አንድ ረቡዕ ሌሊት፣ ድንገት ሲቆም ነፋስ፣
ሰንጉር ባሕር ገባ፣ እስከ ሽንጡ ድረስ።
ለፎቶ የተጣፈውን መረብ ጣለና
ቆመ።
ቆመ፣ ጨረቃዋ እስክትዘቀዝቅ ገና።
ዘበኛው ባትሪውን አበራበት፤ ማን መሆኑን ሲያይ አጠፋው።
ሰባት ሳፊ ወጣ፣ መዳፍ የሚያክል ስፋቱ፣
ሰባት ብቻ፣ ከዚያ ሁሉ ባሕር፣ ከዚያ ሁሉ ሌሊቱ።

በባልዲ ይዟቸው ወደ ወጥ ቤቱ መጣ፤
ቢጁ፣ የኬረላው አብሳይ፣ ጓዳውን ከፍቶ ወጣ፣
እጁን በሽርጡ ጠረገ፣ ባልዲውን አየና
«ወረቀት የላቸውም» አለ በትሕትና።
«የእኛ ዓሣ በአውሮፕላን፣ ከነበረዶው ነው የሚመጣው፤
ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ቪዛ ነው የቀረው።»
ሰንጉር ዝም አለ። ውሃው በባልዲው ይናጣል፤
ከሰባቱ አንዱ ገና ይዋኛል፣ የሄደ መስሎታል።

ጠበስናቸው በካርቶን እሳት፣ ከሠራተኞች ሰፈር ኋላ፤
ሰንጉር፣ እኔ፣ ዘበኛው። ቢጁም ጨው ደብቆ መጥቶ በላ።
ሽማግሌው እጁን አልታጠበም።
ጣቱን አሸተተ፣ አንድ ጊዜ፣
እንደገና፣
እንደ ደረሰው ደብዳቤ።

በማግስቱ አሥር ሰዓት፣ ነጩን ልብስ ለብሶ፣ እንደ ልማዱ ቁጭ አለ።
መረቡ ላይ ግን ቢላ የማያውቀው፣ ዓለት የከፈተው ቀዳዳ አለ።
አንዲት እንግዳ ካሜራዋን አነሣች፤
አፍንጫዋን ያዘች፤
ወንበሯን ጎትታ ራቀች።
ተቆጣጣሪው ከበረንዳ በጣቱ ጠራኝ፦
«ጠርሙሱን አምጪ፣ እዚያ ጋ ርጪ» አለኝ።

ይዤ ወረድሁ።
ሰንጉር ቀና ብሎ ጠርሙሱን አየ፤ እኔን አየ።
ሁለት ቋጠሮ ነበር የቀረው።
ቆሜ ጠበቅሁት።